ማኅበራዊ ኢንተርፕራይዝ በማን ገንዘብ ይቆማል? አምስት የገቢ መንገዶችና ለየትኛው ምን ዓይነት ፈጠራ እንደሚበጅ

ከማኅበራዊ ኢንተርፕራይዝ፣ ማለትም ማኅበራዊ ችግርን በንግድ አሠራር ለመፍታት ከሚቋቋም ድርጅት፣ መሥራቾች ጋር ስቀመጥ መጀመሪያ የሚነገረኝ ስለ ፈጠራው ነው። አዲስ መተግበሪያ ይሆናል፣ አዲስ የውኃ ማጣሪያ ይሆናል፣ አዲስ የሥልጠና ዘዴ ይሆናል። በደስታ እሰማለሁ። ከዚያ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ይህ አገልግሎት ከሦስት ዓመት በኋላም እንዲሰጥ የሚከፍለው ማነው? እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ዝምታ ይሆናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ድርጅት የሒሳብ መዝገብ እንዳይ ተጠርቼ ነበር። ምርቱ ጥሩ ነው፣ ተጠቃሚዎቹ ይወዱታል፣ ሽልማትም አግኝቷል። የሽያጭ ሰንጠረዡን ለሚያይ ሰው እያንዳንዱ ዕቃ ትርፍ አለው። ገጾቹን ገለጥ ገለጥ ሳደርግ ግን የስድስት ሠራተኞች ደመወዝ፣ የመኪናው ነዳጅና የመጋዘኑ ኪራይ በሌላ መዝገብ፣ በአንድ የዕርዳታ ፕሮጀክት ስም ተጽፈው አገኘኋቸው። ፕሮጀክቱ ሊያልቅ የቀረው አራት ወር ነበር። እነዚያን ሦስት ወጪዎች ወደ ዕቃው ዋጋ ስንመልሳቸው ድርጅቱ በሚሸጠው በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ይከስር ነበር፤ ብዙ በሸጠ ቁጥር ኪሳራው ይብሳል። መሥራቿ ወረቀቱን ይዛ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ሥራዋን አሳምራ የሠራች ሰው ናት። ያጣችው ነገር ቢኖር ገና ከጅምሩ የገቢ መንገዶቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያሳያት ሰው ነው።

ይህን ንጽጽር የማቀርበው እንደ እሷ ላሉ ሰዎች ነው። ለምርጫ የሚቀርቡት መንገዶች በስም ይመሳሰላሉ፤ ሁሉም «ዘላቂ» ይባላሉ፣ ሁሉም «ፈጠራ የታከለባቸው» ይባላሉ። በተግባር ግን ገንዘቡ የሚመጣበት በር፣ የሚመጣበት ጊዜና የሚያስከትለው ፈተና በየመንገዱ ይለያል። በምሳሌነት የማነሳቸው ድርጅቶች ሥራቸው በሰፊው የታወቀ ነው፤ ዓመተ ምሕረቶቹም በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ መመዘኛው

አማራጮቹን ከማየታችሁ በፊት አራት ጥያቄዎችን ጻፉ።

አንደኛ፣ ከፋዩ ማነው? ለምንስ ይከፍላል? ተጠቃሚውና ከፋዩ አንድ ሰው ከሆኑ አገልግሎቱ ሲበላሽ ወዲያው ታውቃላችሁ፤ ሰውየው መምጣቱን ይተዋል። ከፋዩ ሌላ ከሆነ ግን ተጠቃሚው እያዘነ ከፋዩ ሊደሰት ይችላል። በሁለት ጆሮ መስማት ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ የአንድ አገልግሎት ሙሉ ወጪ ስንት ነው? ሙሉ ስል ደመወዝን፣ ኪራይን፣ የዕቃ እርጅናን፣ የመሥራቹን ያልተከፈለ ጊዜና በነጻ የተሰጣችሁን ቢሮ ጭምር ማለቴ ነው። ዛሬ በነጻ የተገኘ ነገር ነገ በዋጋ ይገዛል።

ሦስተኛ፣ ድርጅቱ ሲያድግ ገቢውና ተልዕኮው አብረው ያድጋሉ ወይስ ይጎታተታሉ? ከሁሉም ቸል የሚባለው ይህ ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉም ይከብዳል።

አራተኛ፣ ገንዘቡ መቼ ይገባል? ትርፋማ ሆኖ በገንዘብ እጥረት የተዘጋ ድርጅት ብዙ ነው። ወጪው ዛሬ፣ ገቢው ከዓመት በኋላ ከሆነ በመሃል ያለውን ጊዜ የሚያሻግር የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ያስፈልጋል።

አንደኛው መንገድ፦ ተጠቃሚው ራሱ ይከፍላል

ቀጥተኛው መንገድ ይህ ነው። ሙሐመድ ዩኑስ በ1976 ባንግላዴሽ ውስጥ ጆብራ በተባለች መንደር ለ42 ሰዎች 27 ዶላር ያህል ከኪሳቸው አበደሩ። ሥራው አድጎ በ1983 ግራሚን ባንክ ሆነ፤ በ2006 ደግሞ ባንኩና መሥራቹ የኖቤል የሰላም ሽልማትን ተጋሩ። ፈጠራው የት እንደነበረ ልብ በሉ። ገንዘቡ ያው ገንዘብ ነው፣ ብድርም ከጥንት የነበረ ነው። አዲሱ ነገር ማስያዣ የሌለውን ሰው በቡድን አደራጅቶ፣ ብድሩን በትናንሽ ሳምንታዊ ክፍያ እንዲመልስ ማድረጉ ነበር።

በኬንያ በ2012 ለገበያ የቀረበው ኤም-ኮፓም በዚሁ መስመር ይሄዳል። የፀሐይ ኃይል መብራት አዲስ አልነበረም፤ ሙሉ ዋጋውን በአንድ ጊዜ መክፈል የሚችል ቤተሰብ ግን ጥቂት ነበር። ድርጅቱ ትንሽ ቅድሚያ ክፍያ ይቀበልና ቀሪውን ቤተሰቡ በየቀኑ ኤም-ፔሳ በተባለው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት እንዲከፍል ያደርጋል። ክፍያው ሲቋረጥ ዕቃው ከርቀት ይቆለፋል፤ ሲከፈል ይከፈታል። ቤተሰቡ ለኩራዝ ጋዝ ያወጣ የነበረውን ገንዘብ ወደ መብራቱ አዞረ። ሞባይል ክፍያ ባልተስፋፋበት አገር ይኸው ዕቃ በዚህ መንገድ አይሸጥም ነበር።

የዚህ መንገድ ትልቁ ብርታት ታማኝነቱ ነው። ሰዎች በድጋሚ ከከፈሉ ነገሩ ጠቅሟቸዋል ማለት ነው። ችግሩ ሁለት አቅጣጫ አለው። ወደ ታች ስትሄዱ እጅግ ድሃው ይቀራል፤ ወደ ላይ ስትሄዱ ደግሞ ትርፉ ተልዕኮውን ይበላዋል። የሜክሲኮው ኮምፓርታሞስ በ1990 ለትርፍ ያልቆመ አበዳሪ ሆኖ ጀመረ። በ2007 አክሲዮኑ ለገበያ ሲቀርብ ባለድርሻዎቹ 30 በመቶ ያህሉን ሸጠው ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ አገኙ። ተበዳሪዎቹ ግን ግብሩን ጨምሮ በዓመት ወደ 100 በመቶ የሚጠጋ ወለድ ይከፍሉ ነበር። በሕንድ አንድራ ፕራዴሽ ክልል ደግሞ በ2010 አበዳሪዎች ለአንድ ቤተሰብ ሦስትና አራት ብድር እየደራረቡ ሲሽቀዳደሙ መንግሥት ጥብቅ ደንብ አወጣ፤ ተበዳሪው መክፈል አቆመ፣ ዘርፉም ተንኮታኮተ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው።

ይህን መንገድ የምመክረው አገልግሎታችሁ ተጠቃሚው ዛሬ በሌላ መልክ የሚከፍልበትን ወጪ የሚተካ ሲሆን ነው። ኩራዝን የሚተካ መብራት ይሸጣል። ሰው እስካሁን አምስት ሳንቲም አውጥቶበት የማያውቀውን ነገር፣ ለምሳሌ የበሽታ መከላከያ ትምህርትን፣ በሽያጭ ለማቆም መሞከር ግን ልፋት ነው።

ሁለተኛው መንገድ፦ የሚችለው ለማይችለው ይሸፍናል

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚስተው ስሌት ያለው እዚህ ነው።

ዶክተር ጎቪንዳፓ ቬንካታስዋሚ በ58 ዓመታቸው ከመንግሥት ሥራ ጡረታ ወጥተው በ1976 በደቡብ ሕንድ ማዱራይ ከተማ 11 አልጋ ያለው የዓይን ክሊኒክ ከፈቱ። የጣቶቻቸው መገጣጠሚያዎች በሪህ በሽታ የተጣመሙ ሰው ነበሩ። ያ ክሊኒክ ዛሬ አራቪንድ የሚባለው የዓይን ሆስፒታሎች ሰንሰለት ነው። ከታካሚዎቹ ከፊሎቹ ሙሉ ዋጋ ይከፍላሉ፤ ብዙዎቹ በነጻ ወይም በጣም በቅናሽ ይታከማሉ።

የቀዶ ሕክምና ክፍላቸውን አሠራር አስቡት። አንድ ሐኪም በሁለት አልጋ መካከል ይቀመጣል። በአንዱ አልጋ የአንዱን ታካሚ የዓይን ሞራ ሲያነሳ በሌላው አልጋ ቀጣዩ ታካሚ ታጥቦ፣ ደንዝዞ፣ ተሸፍኖ ይጠብቃል። የመጀመሪያው ሲያልቅ ሐኪሙ ማይክሮስኮፑን አዙሮ ወደ ሁለተኛው ይዞራል። ዝግጅቱን፣ ምርመራውንና ክትትሉን የሚሠሩት ድርጅቱ ራሱ ከየመንደሩ መልምሎ ያሠለጠናቸው ወጣት ሴቶች ናቸው። ውዱ ነገር የሐኪሙ ደቂቃ ነውና አንዷም በከንቱ አታልፍም። በ1992 ደግሞ አውሮላብ የተባለ የራሳቸው ፋብሪካ ተቋቁሞ በዓይን ውስጥ የሚተከለውን ሌንስ ማምረት ጀመረ። ከውጭ ሲገባ 100 ዶላርና ከዚያ በላይ ያወጣ የነበረው ሌንስ ወደ 10 ዶላር፣ በኋላም ከዚያ በታች ወረደ።

ይህ ለሒሳቡ ምን አደረገ? ቁጥሩን በቀላሉ እንየው። የአንድ አገልግሎት ሙሉ ወጪ 100 ይሁን። ከ10 ተገልጋይ 4ቱ እያንዳንዳቸው 200 ይከፍላሉ፣ 6ቱ አይከፍሉም። ገቢ 800፣ ወጪ 1,000፤ ጉድለቱ 200 ነው። ብዙ ሥራ አስኪያጅ መጀመሪያ የሚያስበው ዋጋ መጨመርን ነው። 200ውን 250 አድርጉት፤ አራቱም ቢቆዩ 1,000 ይሞላል። ግን አንዱ ከፋይ ወደ ሌላ ቦታ ቢሄድ 3 ሰው በ250፣ ገቢው 750 ይሆናል። የሄደው ሰው ደግሞ ኪራዩንና ደመወዙን ይዞ አይሄድም፤ ስለዚህ ወጪው ከ1,000 ብዙም አይቀንስም። ጉድለቱ ሰፋ። አሁን ዋጋውን ተዉትና የአንዱን አገልግሎት ወጪ ከ100 ወደ 80 አውርዱት። የ10ሩ ወጪ 800 ይሆናል፣ ገቢውም 800 ነው። ያለ ለጋሽ፣ ያለ ዋጋ ጭማሪ ተገናኘ።

ለዚህ ነው በዚህ መንገድ ላይ የሚያዋጣው ፈጠራ የአሠራር ፈጠራ ነው የምለው። ተጠቃሚው የማያየው፣ ሽልማት የማይሰጠው፣ የአንድን አገልግሎት ወጪ የሚቀንስ ፈጠራ። አልጋ ማዞር፣ ዕቃ ራስ ማምረት፣ የሙያ ክፍፍልን መለወጥ።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ከፋዩ የሚመጣው ለጽድቅ ብሎ ከሆነ መንገዱ ደካማ ነው። ከፋዩ በራሱ ጥቅም፣ በጥራቱና በዋጋው ተስቦ መምጣት አለበት። ሕክምናው ለሁለቱም አንድ ዓይነት መሆን ይገባዋል፤ ልዩነቱ በክፍሉ ምቾትና በመኝታው ቢሆን ማንም አይጎዳም።

ከመጀመሪያው መንገድ ወደዚህኛው ተገድዶ የተሸጋገረ ምሳሌም አለ። ግራሚንና የፈረንሳዩ የወተት ተዋጽኦ ኩባንያ ዳኖን በ2006 በሽርክና ያቋቋሙት ድርጅት ቦግራ በተባለ የባንግላዴሽ አካባቢ በቪታሚንና በማዕድን የዳበረ እርጎ ለሕፃናት ማምረት ጀመረ፤ አንዱ ኩባያ 5 ታካ (የባንግላዴሽ ገንዘብ) ነበር። በ2008 የወተት ዋጋ ሲያሻቅብ ድርጅቱ ዋጋውን ወደ 8 ታካ ከፍ አደረገ። የገጠሩ ሽያጭ በአንድ ጊዜ ወረደ። መፍትሔው ኩባያውን አሳንሶ ዋጋውን መቀነስና እርጎውን በዋና ከተማዋ በዳካ ሱቆች በከፍተኛ ዋጋ መሸጥ ሆነ። ከተማው ገጠሩን ደገፈ። ገና ሲነድፉት ሁለቱን ገበያዎች አብረው ቢያዩ ኖሮ ያ ሁሉ መንገላታት ይቀር ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሦስተኛው መንገድ፦ ሌላ ንግድ ተልዕኮውን ያኖራል

ድርጅቱ አንድ ንግድ ያቋቁምና ትርፉን ለማኅበራዊ ሥራው ያውላል። በ1972 በፋዝሌ ሐሰን አቤድ የተመሠረተው የባንግላዴሹ የልማት ድርጅት ብራክ የዚህ ትልቁ ምሳሌ ነው። በ1978 የተከፈተው አሮንግ የገጠር ባለሙያ ሴቶች የሚሠሩትን ጨርቅና የእጅ ሥራ የሚሸጥ ሱቅ ነው፤ በ1998 ደግሞ የወተት ማቀነባበሪያ ተከተለ። ልብ በሉ፣ እነዚህ ንግዶች ገንዘብ ለማምጣት ብቻ የተከፈቱ አልነበሩም። የብራክ ተጠቃሚዎች ጨርቅ ሠርተው ገበያ አጥተው ነበር፣ ላም ገዝተው ወተታቸውን የሚቀበላቸው አጥተው ነበር። ንግዱ የጎደለውን የሰንሰለት ቀለበት ሞላ።

ይህን ዝርዝር የማነሳው ከተልዕኮው ጋር የማይገናኝ ንግድ ከፍተው የተጎዱ ብዙ ድርጅቶችን ስላየሁ ነው። የሕፃናት ማሳደጊያ የሚመራ ሰው ካፌ ቢከፍት በከተማው ካሉት ካፌዎች ሁሉ ጋር ይወዳደራል፤ እነሱ ሌሊትና ቀን የሚያስቡት ስለ ካፌ ነው፣ እሱ ደግሞ ሐሳቡ ከሕፃናቱ ጋር ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል። ይህን መንገድ የምትመርጡ ከሆነ ንግዱ የራሱ ሥራ አስኪያጅ፣ የራሱ የሒሳብ መዝገብና ኪሳራው እስከዚህ ድረስ ነው ተብሎ የተወሰነ ወሰን ይኑረው። ወሰኑ ሲታለፍ ይዘጋል፤ ውሳኔው ንግዱ ከመከፈቱ በፊት በቦርዱ ይጻፍ።

አራተኛው መንገድ፦ ሥራው ራሱ አገልግሎት ነው

እዚህ የሚሸጠው ዕቃ ማንኛውም ዕቃ ሊሆን ይችላል። ማኅበራዊ ዋጋው ያለው ማን ሠራው በሚለው ላይ ነው። በ1982 በኒውዮርክ የተጀመረው ግሬይስተን ዳቦ ቤት ሥራ ፈላጊ ሲመጣ የትምህርት ማስረጃ አይጠይቅም፣ ያለፈ እስራቱን አያጣራም። ስሙን ይመዘግባል፤ ቦታ ሲከፈት ተራው የደረሰው ይቀጠራል። ቡኒ ኬካቸው ለአይስክሬም አምራቹ ለቤን ኤንድ ጄሪስ ለዓመታት ሲቀርብ ኖሯል። በ1991 ለንደን ላይ የወጣው ቢግ ኢሹ መጽሔት ደግሞ ቤት የሌላቸው ሰዎች ከሽፋን ዋጋው በግማሽ ገዝተው መንገድ ላይ እየሸጡ ልዩነቱን የሚያስቀሩበት ነው።

ገዢው በርኅራኄ አንድ ጊዜ ይገዛል። ሁለተኛ ጊዜ የሚገዛው ኬኩ ስለሚጣፍጥ ነው። ስለዚህ የምርቱ ጥራት ድርድር የለውም። የወጪው ጫና ደግሞ ሌላ ቦታ ነው፦ አዲስ ሠራተኛ እስኪለምድ ምርታማነቱ ዝቅ ይላል፣ የምክርና የድጋፍ ሰው ያስፈልጋል፣ ሠራተኛው ሲበቃ ደግሞ ወደ ሌላ ድርጅት ይሄዳል። ተልዕኮው ተሳካ፣ ምርቱ ግን ጥሩ ሠራተኛ አጣ። ይህ ውጥረት አይጠፋም፤ የድጋፉን ወጪ ከምርቱ ወጪ ለይቶ በመመዝገብና ለዚያ ክፍል ብቻ ከውጭ ገንዘብ በመፈለግ ግን ይያዛል። ጣልያን በ1991 ባወጣችው የማኅበራዊ ኅብረት ሥራ ሕግ ከሠራተኞቻቸው ቢያንስ 30 በመቶው ከሥራ ገበያ የተገፉ ሰዎች ለሆኑ ማኅበራት ለእነዚያ ሠራተኞች የሚከፈለውን የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ ያነሳችው ይህን ሸክም ስለተረዳች ነው።

አምስተኛው መንገድ፦ ሦስተኛ ወገን ስለ ውጤቱ ይከፍላል

ከፋዩ መንግሥት፣ የመድን ድርጅት ወይም ትልቅ ኩባንያ ነው። በ2010 እንግሊዝ ውስጥ በፒተርበሮ እስር ቤት የዓለም የመጀመሪያው ማኅበራዊ ውጤት ቦንድ ተጀመረ። 17 ባለሀብቶች 5 ሚሊዮን ፓውንድ አወጡ፤ ገንዘቡ አጭር እስራት ጨርሰው ለሚወጡ ወንዶች ድጋፍ ዋለ፤ ዳግም ጥፋት ከተቀነሰ መንግሥት ለባለሀብቶቹ ይመልሳል ተባለ። በ2017 ውጤቱ ሲገለጽ ዳግም ጥፋት ከማነጻጸሪያው ቡድን በ9 በመቶ ቀንሶ ተገኘ፤ ባለሀብቶቹም ገንዘባቸውን በዓመት ከ3 በመቶ ጥቂት በሚበልጥ ትርፍ አገኙ።

ያማረ ውጤት ነው። ሆኖም ከመጀመሪያው ፓውንድ እስከ መጨረሻው ክፍያ ሰባት ዓመት አለፈ። በመሃልም መንግሥት የተፈቺዎችን ክትትል በአገር አቀፍ ደረጃ ሲያዋቅር ፕሮግራሙ ከታቀደው ቀድሞ ተቋረጠ። ሥራው አልከሸፈም፤ ፖሊሲው ግን ተለወጠ። በዚህ መንገድ ላይ ትልቁ አደጋ ይኸው ነው፦ አንድ ደንበኛ፣ እሱም ሐሳቡን ሊለውጥ የሚችል። ለመለካት የሚወጣው ወጪም ቀላል አይደለም፤ ለትንሽ ድርጅት ብቻውን ሊከብድ ይችላል። ልኬቱ ራሱ ደግሞ ሥራውን ያጣምማል። የሚከፈላችሁ «ሥራ ላስያዛችሁት ሰው» ከሆነ ቶሎ የሚቀጠረውን መምረጥ ትጀምራላችሁ፣ ከባዱ ሰው በር ላይ ይቀራል። ውሉን ስትፈርሙ ለከባዱ ሰው ከፍ ያለ ክፍያ አስገቡ።

በአንድ ገጽ

| መንገድ | ከፋዩ | የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ | ተልዕኮ የመሳት አደጋ | የሚያዋጣው ፈጠራ |
|---|---|---|---|---|
| ተጠቃሚው ይከፍላል | ተጠቃሚው | መካከለኛ፤ በዱቤ ከሆነ ከፍተኛ | እጅግ ድሃውን መተው፣ ትርፍ ማሳደድ | የአከፋፈል ዘዴ |
| የሚችለው ይሸፍናል | አቅም ያለው ተገልጋይ | መጀመሪያ ላይ ከፍተኛ | ወደ ከፋዩ ማድላት | ወጪ የሚቀንስ አሠራር |
| ሌላ ንግድ | የንግዱ ገዢ | ከፍተኛ | የአመራሩ ትኩረት መከፈል | የገበያ ሰንሰለት መሙላት |
| ሥራው አገልግሎት ነው | የምርቱ ገዢ | መካከለኛ | ደካማውን ሠራተኛ መተው | የቅጥርና የሥልጠና ዘዴ |
| ሦስተኛ ወገን | መንግሥት ወይም ኩባንያ | በጣም ከፍተኛ | ቀላሉን ሰው መምረጥ | ውጤት መለካት |

ዕርዳታን በሰንጠረዡ ያላስገባሁት ስለምንቀው አይደለም። ምንም ከፋይ የማይገኝላቸው አስፈላጊ ሥራዎች አሉ፤ እነሱን በግድ «ንግድ» ማልበስ ተጠቃሚውን ይጎዳል። ከአምስቱ አንዱን ለጀመረ ድርጅት ደግሞ ዕርዳታ የሚጠቅመው ለሙከራ፣ ለሥልጠናና ለመሣሪያ ነው። የዕለት ደመወዝ ላይ ሲገባ ግን እንደዚያች መሥራች መዝገብ እውነቱን ይሸፍናል።

የዕቃው አዲስነት ሲያታልል

የሰንጠረዡን የመጨረሻ ዓምድ ደግማችሁ እዩት፤ «አዲስ ዕቃ» የሚል የለም። አዲስ ዕቃ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ከፋዩ ካልታወቀ ግን ዕቃው ብቻውን ድርጅት አያቆምም። ፕሌይፓምፕ ለዚህ በቂ ትምህርት ነው። ልጆች በሚጫወቱበት መሽከርከሪያ ውኃ ከጉድጓድ ወደ ገንዳ ይሳባል፤ በገንዳው ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ የጥገናውን ወጪ ይሸፍናል የሚል ነበር ሐሳቡ። በደቡባዊ አፍሪካ አገሮች በ2010 4,000 ለመትከል ታቅዶ በ2006 ከፍተኛ ገንዘብ ቃል ተገባለት። አንዱ ፓምፕ ከተለመደው የእጅ ፓምፕ በብዙ እጥፍ ይወደድ ነበር። ልጆቹ ሳይኖሩ አዋቂ ሴቶች ቆመው መሽከርከሪያውን ሊገፉ ተገደዱ። ማስታወቂያ አስነጋሪም ራቅ ወዳለ መንደር አልመጣም፤ የተበላሸውን የሚጠግን ገንዘብ ጠፋ። ለፓምፖቹ ገንዘብ ያሰባስብ የነበረው ድርጅትም በ2010 አካባቢ ሥራውን አቆመ። ልብ የሚነካው ነገር ከፋዩ ማነው የሚለው ጥያቄ በወረቀት ላይ መልስ ነበረው፤ ማስታወቂያ አስነጋሪው ነበር። ግን አንድ መንደር ውስጥ ለአንድ ዓመት ተሞክሮ ቢሆን ኖሮ ማስታወቂያው እንደማይመጣ ይታወቅ ነበር።

ለየትኛው ሁኔታ የትኛው

ገና እየጀመራችሁ፣ ገንዘባችሁም የጥቂት ወራት ብቻ ከሆነ ከአንደኛው ወይም ከአራተኛው መንገድ ጀምሩ። ሁለቱም በትንሹ ይሞከራሉ፣ ስሕተቱም ቶሎ ይታያል። አምስተኛውን አትንኩት፤ ክፍያው ሳይደርስ ታልቃላችሁ።

የሁለት ዓመት ዕርዳታ በእጃችሁ ካለና ተገልጋዮቻችሁ አቅማቸው የተደባለቀ ከሆነ ሁለተኛውን አስቡ። የመጀመሪያውን ዓመት የከፋዩን ጥራት ለማሳመርና የአንድ አገልግሎት ወጪን በየወሩ ለመለካት አውሉት። ከፋዮቹ ከ10 ሁለት እንኳ ካልሞሉ ስሌቱ አይሠራም፤ ሳይደርቅ በእርጥቡ መተው ይሻላል።

ምንም መክፈል ከማይችሉ ሰዎች ጋር ለምትሠሩ፣ ችግሩ ለመንግሥት ወይም ለሌላ አካል ወጪ የሚያስከትል ከሆነ አምስተኛው ይሆናል፤ ግን በቅድሚያ የምትቀበሉት ድርሻ ከጠቅላላው ከግማሽ አይነስ። ያ ወጪ የማይታይ ከሆነ ዕርዳታን በግልጽ ምረጡ፣ ከአንድ ለጋሽ የሚመጣውም ከገቢያችሁ ከሲሶ እንዳይበልጥ ጣሩ። ይህ የሲሶ ወሰን የእኔ ልምድ ነው፣ ሕግ አይደለም።

ምርታችሁ ተፈትኖ ገበያ ካገኘና ባለሀብት ሊገባ ከሆነ ከገንዘቡ በፊት የሕግ ቅርጹን ጨርሱ። እንግሊዝ በ2005 የጀመረችው የማኅበረሰብ ጥቅም ኩባንያ ንብረቱ ለግለሰብ ጥቅም እንዳይወጣ ይቆልፋል። ሜሪላንድ በ2010 ከአሜሪካ ግዛቶች ቀድማ ያጸደቀችው ሕግ ደግሞ ኩባንያው ከትርፍ ሌላ የሕዝብ ጥቅምንም እንዲያስብ ዳይሬክተሮቹን ያስገድዳል፣ ትርፍ መከፋፈልን ግን አይከለክልም። በአገራችሁ እንዲህ ያለ ሕግ ከሌለ ተመሳሳዩን በመተዳደሪያ ደንባችሁና በባለአክሲዮኖች ስምምነት ጻፉት፦ ትርፍ እስከ ስንት ይከፈላል፣ ድርጅቱ ቢሸጥ ተልዕኮው ምን ይሆናል፣ ደንቡን ለመለወጥ የማን ድምፅ ያስፈልጋል። ፊርማው ካረፈ በኋላ መደራደሪያ አይኖራችሁም።

የትኛውንም ብትመርጡ ሙከራው ሦስት ወር ይሁን፣ በአንድ ሰፈር፣ ያለ ምንም ድጋፍ፣ በእውነተኛው ዋጋ። ወጪውን ሁሉ በአንድ መዝገብ ብቻ ጻፉ፤ የፕሮጀክት መዝገብ የሚባል ሁለተኛ ደብተር አይኑር። በሦስተኛው ወር መጨረሻ ሁለት ቁጥር አውጡ፦ የአንድ አገልግሎት ሙሉ ወጪ ስንት ሆነ፣ ለሁለተኛ ጊዜ የከፈለው ሰው ስንት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣውን አትቁጠሩት።